በኮምፒውተር ለፎቶ መግለጫ መጻፍ፦ ስለ ፎቶ ሜታዳታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ባሉ ፎቶ ቤቶች፣ ቢሮዎችና መኖሪያ ቤቶች ፎቶ የሚያደራጁ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከበድ ያለው ተደርድረዋል።

ሜታዳታ ምንድን ነው? ካሜራው ራሱ ይመዘግበው የለም እንዴ?

ሜታዳታ በፎቶው ፋይል ውስጥ ከምስሉ ጋር አብሮ የሚቀመጥ ጽሑፍ ነው። ፎቶውን ስትከፍቱት ላይ ላዩን አይታይም፤ ፋይሉ በሄደበት ግን አብሮ ይሄዳል። ካሜራው የሚጽፈው ክፍል ኤግዚፍ ይባላል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የካሜራውን ሞዴልና የሌንሱን ሁኔታ ይይዛል፤ ስልክ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጂፒኤስ ነጥቡንም ይጨምራል።

ካሜራው የማያውቀው ግን ይበልጣል። ቸርችል ጎዳና ላይ ከአንድ አዛውንት ጋር ቆማ የተነሳችው ልጅ ማን እንደሆነች፣ ሰዎቹ ለምን እንደተሰበሰቡ፣ ከኋላቸው ያለው ቤት የማን እንደነበረ አይመዘግብም። ይህንን የሚጽፈው ሰው ነው። ለዚህ የተዘጋጁት ሳጥኖች፣ ማለትም ርዕስ፣ መግለጫ፣ ቁልፍ ቃል፣ ቦታ፣ የፎቶ አንሺው ስምና የመሳሰሉት፣ አይፒቲሲ በሚባል መስፈርት የተወሰኑ ናቸው። መስፈርቱ የመጣው ከዜና ፎቶ ሥራ ነው። ዛሬ ጽሑፉ በአብዛኛው የሚቀመጠው አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2001 ባስተዋወቀው ኤክስኤምፒ በሚባል አቀማመጥ ነው። እነዚህን ሦስት ስሞች መሸምደድ አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ግን የት እንደተበላሸ ለማወቅ ይረዳሉ።

የፋይሉን ስም መቀየር ወይም በፎልደር መለየት አይበቃም?

ለትንሽ ጊዜ ይበቃል። ችግሩ የፋይል ስም የሚያድር ነገር አለመሆኑ ነው፤ ፎቶው በቴሌግራም ሲላክ ወይም ሌላ ሰው ኮፒ ሲያደርገው ስሙ ይለወጣል። በዚያ ላይ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ እዝባር አይቀበልም። «ወ/ሮ»፣ «ቅ/ጊዮርጊስ»፣ «ጠ/ሚኒስትር» ብሎ መጻፍ ለለመደ ሰው ይህ ብቻውን ያናድዳል።

ፎልደርም ቢሆን አንድን ፎቶ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። የአክስታችሁ የምረቃ ፎቶ «ቤተሰብ» ውስጥ ይግባ፣ «ስድስት ኪሎ» ወይስ «ምረቃ»? ቁልፍ ቃል ከተጻፈለት በሦስቱም ይገኛል፤ ፎልደሩን በዓመት ብቻ ለይቶ መተው ይቻላል።

ጽሑፍ መጨመር የፎቶውን ጥራት ይቀንሳል?

አይቀንስም። ሶፍትዌሩ የሚነካው የጽሑፉን ክፍል እንጂ ምስሉን አይደለም፤ ፋይሉ የሚጨምረውም ጥቂት ኪሎባይት ነው። ጥራት የሚቀንሰው ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) የሆነን ፎቶ በማረሚያ ሶፍትዌር ከፍቶ እንደገና ሴቭ ሲደረግ ነው። እንዲያም ሆኖ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የፎቶዎቹን ቅጂ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ጽሑፍ እየተጻፈ ባለበት መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ መብራት ደግሞ ይጠፋል።

የትኛውን ሶፍትዌር ልጠቀም? በነጻ የሚገኝ አለ?

ለጀማሪ የምንመክረው ዲጂካምን ነው። ነጻ ነው፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፣ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ያገለግላል። መግለጫ፣ ቁልፍ ቃል፣ ቦታና ቀን ሁሉንም ከአንድ ቦታ ይጻፍበታል። መልኩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስፈራል፤ በቀኝ በኩል ካለው የመግለጫ ክፍል በቀር ሌላውን ለጊዜው አለማየት ነው። ቀለል ያለ የፈለገ ኤክስኤንቪው ኤምፒን ይሞክር፤ ለግል አገልግሎት ነጻ ነው፣ ለድርጅት ግን ፈቃድ ይገዛል። አዶቤ ብሪጅም የአዶቤ አካውንት ላለው ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ፎቶ ማንሳት መተዳደሪያቸው የሆኑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ላይትሩም ክላሲክን ያውቁታል። የዜና ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ለፍጥነቱ ፎቶ ሜካኒክን ይወዳሉ። ሁለቱም በክፍያ ናቸው። ፒካሳን አሁንም የሚጠቀም አይጠፋም፤ ጉግል ሥራውን ያቆመው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ አዲስ ስብስብ በእሱ መጀመር አይመከርም።

ዊንዶውስ ራሱ ፎቶውን በቀኝ ክሊክ ነክቶ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ሲባል ለጄፔግ ርዕስና ታግ (ቁልፍ ቃል) ለመጻፍ ያስችላል። ለአሥር ፎቶ ይሆናል። ለሺህ ፎቶ ግን ዕድሜ አይበቃም።

መግለጫው ላይ ምን ልጻፍ?

ፎቶው ራሱ የማይናገረውን። «ቆንጆ ፀሐይ፣ ፒያሳ» የሚለው መግለጫ ማንም በዓይኑ የሚያየውን ይደግማል። ይህንን ደግሞ ተመልከቱ፦ «የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ታቦት አጅበው በስድስት ኪሎ በኩል ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ። የከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.። ከኋላ የሚታየው የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ነው።» ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ማን፣ ምን ሲያደርግ፣ የት፣ መቼ የሚሉት ተመልሰዋል። ከኋላ ያለውንም የማያውቅ ሰው አውቆታል።

የሰው ስም ላይ ስስት አያስፈልግም። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ ስም ከነአባት ብቻ ሲጻፍ ከብዙ ሰው ጋር ይምታታል፤ አያትም ይጨመር። ብዙ ሰው ካለ «ከግራ ወደ ቀኝ» ብላችሁ በተርታ ዘርዝሩ፤ የማይታወቀውን ሰው ዝም ብላችሁ አትዝለሉት፣ «ሦስተኛው ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ። አለበለዚያ ስሞቹ አንድ አንድ ቦታ ይንሸራተቱና ፎቶው በሙሉ ይሳሳታል።

በቤተሰብ ፎቶ ላይ በብዛት የምናየው ጉድለት የዝምድና መጠሪያ ነው። «እማዬና ጋሼ በገና ዕለት» ብሎ ለጻፈው ሰው ግልጽ ነው። የልጁ ልጅ ግን የማን እማዬ፣ የትኛው ጋሼ እንደሆነ በምን ያውቃል? ሙሉ ስሙን አስቀድሙና የቤት መጠሪያውን ቀጥላችሁ ጻፉ፤ ሁለቱም ሲፈለጉ እንዲገኙ። እርግጠኛ ባልሆናችሁበት ነገር ላይ ደግሞ የነገራችሁን ሰው ጥቀሱ፦ «እንደ አክስቱ አነጋገር ቦታው ሠራተኛ ሰፈር ነው» ማለት «ሠራተኛ ሰፈር» ብሎ ከመደምደም ይሻላል። ነገ ሌላ ዘመድ ሲያርመው የቱ ግምት እንደነበር ይታወቃል።

ርዕስ፣ መግለጫና ቁልፍ ቃል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ርዕስ ባጭሩ ነው፦ «ከተራ በስድስት ኪሎ»። መግለጫ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ቁልፍ ቃል ሲፈለግ እንዲገኝ የሚጻፍ ነጠላ ቃል ወይም አጭር ሐረግ ነው፦ ከተራ፣ ጥምቀት፣ መዘምራን፣ ጃንሜዳ፣ ስድስት ኪሎ። ቁልፍ ቃል ላይ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ከአሥር በላይ መደርደርም ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው።

የቦታውን ስም በየትኛው ልጻፍ? «አራት ኪሎ» ወይስ «ሚያዝያ 27 አደባባይ»?

ሁለቱንም። ሰው የሚፈልገው በሚጠራበት ስም ነው፣ ታክሲውም የሚጠራው «አራት ኪሎ» ብሎ ነው፤ በሰነድ ላይ የሚገኘው ግን «ሚያዝያ 27 አደባባይ» ሊሆን ይችላል። የቦታ ሳጥኑ ላይ አንዱን፣ ቁልፍ ቃሉ ላይ ሁለቱንም አስገቡ። ስድስት ኪሎና የካቲት 12 አደባባይም እንዲሁ ናቸው። ፎቶው የቆየ ከሆነ በጊዜው የነበረውንና የዛሬውን ስም አንድ ላይ ጻፉ፦ በደርግ ዘመን ለተነሳ የሰልፍ ፎቶ «አብዮት አደባባይ (ዛሬ መስቀል አደባባይ)»፣ ከአብዮቱ በፊት ለተነሳ የምረቃ ፎቶ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ)»።

አይፒቲሲ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ካሜራው የቆመበት ቦታና ፎቶው ላይ የሚታየው ቦታ የተለያዩ ሳጥኖች አሏቸው። ማዘጋጃ ቤት ቆማችሁ ቸርችል ጎዳናን ወደ ለገሃር ብታነሱት የቆማችሁበት ማዘጋጃ ቤት ነው፣ የሚታየው ቸርችል ጎዳና። ጂፒኤስ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በሁሉም ሶፍትዌር ሁለቱ ሳጥኖች ስለማይገኙ ከሌሉ መግለጫው ውስጥ «ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ሲታይ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

የፈረሰ ሰፈር ከሆነ ደግሞ ካርታ አትመኑ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳ ላይ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ከዚያ በፊት የተነሳ ፎቶ የጂፒኤስ ነጥቡ ትክክል ቢሆንም ዛሬ ካርታ ላይ ሲከፈት የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የሰፈሩን ስም ነዋሪው በሚጠራው ጻፉ፣ ዶሮ ማነቂያ ከሆነ ዶሮ ማነቂያ፤ ከዚያ ዛሬም ካለ ነገር ጋር አያይዙት፦ ከራስ መኮንን ድልድይ ስንት ደቂቃ መንገድ፣ ከጊዮርጊስ በየት በኩል። ቤቱ ምን ነበር? ሻይ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ወርቅ ቤት? ይህንን የሚያውቁት የሰፈሩ ሰዎች አሁን ከተማው ዳር ተበትነዋል፤ ስልካቸው በእጃችሁ እያለ ደውላችሁ ጠይቁ።

በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ፎቶውን ማን እንደሚፈልገው አስቡ። ለቤተሰብ፣ ለሰፈርና ለአገር ውስጥ ቢሮ አማርኛ ይሁን። ለውጭ ዜና ድርጅት ወይም ለፎቶ ሽያጭ ከሆነ እንግሊዝኛ ይጠየቃል። ኤክስኤምፒ አንድን መግለጫ በብዙ ቋንቋ ለይቶ መያዝ ይችላል፣ ዲጂካምም ይህንን ያሳያል። ሌሎች ብዙ ሶፍትዌሮች ግን አንዱን ብቻ አሳይተው ሌላውን ይደብቃሉ፤ ስለዚህ በአንዱ ሳጥን ውስጥ አማርኛውን አስቀድሞ እንግሊዝኛውን ከሥሩ ማስከተል ነው የሚያዋጣው። ቁልፍ ቃልን በሁለቱም ቋንቋ መጻፍ ጉዳት የለውም።

«ፀሐይ» ብዬ ጽፌ «ጸሃይ» ብዬ ስፈልግ አይገኝም። ምን ይሻላል?

ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የፎቶ ሶፍትዌሮች ሞክሼዎቹን አንድ አድርገው አይፈልጉም። በዚህ ምክንያት አንድ ስብስብ ውስጥ «ዓድዋ»፣ «አድዋ» እና «ዐድዋ» ሦስት የተለያዩ ቁልፍ ቃሎች ሆነው ይቀመጣሉ፣ አንዱን የፈለገም ሌሎቹን አያገኝም። «ፒያሳ» እና «ፒያዛ»፣ «4 ኪሎ» እና «አራት ኪሎ»፣ «ሰርግ» እና «ሠርግ» ላይም ይኸው ይደርሳል።

የቱ አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይ፤ እዚህ የሚያስፈልገው አንዱን መርጦ መጽናት ነው። ቁልፍ ቃሎቻችሁን በአንድ የጽሑፍ ፋይል ዘርዝሩ፣ አዲስ ቃል ከመፍጠራችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ፣ ከተቻለም በእጅ ከመጻፍ ሶፍትዌሩ ላይ ካለው ዝርዝር ምረጡ። ዲጂካምም ላይትሩምም መጻፍ ስትጀምሩ ያሉትን ቃሎች ያመጡላችኋል። ላይትሩም ላይ ለአንድ ቁልፍ ቃል ተመሳሳይ ቃሎችን ማያያዝ ይቻላል፤ «ዓድዋ» ሥር ሌሎቹን አጻጻፎች ማስገባት ነው። እስካሁን የተዘበራረቀ ስብስብ ካላችሁ ዲጂካም ውስጥ አንዱን ታግ በሌላው ላይ አዋህዳችሁ በአንድ ጊዜ ማስተካከል ትችላላችሁ።

የሰው ስም ላይ ግን ይህ ሕግ አይሠራም። ሰውየው ስሙን በሚጽፍበት ፊደል ጻፉለት።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማድረግ ይቻላል?

የቀን ሳጥኑን አትንኩት። ኤግዚፍ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩም ፎቶዎቹን በተርታ የሚያስቀምጠው በእሱ ነው። የእኛን ቀን መግለጫው ላይ በጽሑፍ አስገቡ፣ «ዓ.ም.» ብላችሁ። ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን አስታውሱ። ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ባለው ዓመት ደግሞ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ቀኑ በአንድ ይገፋል፦ ጥምቀት በ2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20 ላይ ዋለ፣ በ2017 ግን ወደ ጃንዋሪ 19 ተመለሰ።

የካሜራውን ቀን ራሱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ይህ ብዙ መዘዝ አለው። ዓመቱ ወደኋላ ስለሚሄድ የካሜራው ፎቶዎች ከስልኩ ፎቶዎች ጋር አይገናኙም። ካሜራው ሁለተኛውን ወር በ28 ወይም በ29 ይጨርሰዋል፣ ጥቅምት ግን 30 ቀን አለው፤ ጳጉሜን የሚባል ወርም አያውቅም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓትን 2:00 ብሎ የሞላ ሰው ለካሜራው ሌሊት 8 ሰዓት ብሎታል።

የሰዓት ስህተት ብቻ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። በዚያው ካሜራ የስልካችሁን ሰዓት ፎቶ አንሱ፣ በስልኩ ሰዓትና ካሜራው በመዘገበው መካከል ያለውን ልዩነት አስሉ፣ ከዚያ ዲጂካም ላይ ባለው የሰዓት ማስተካከያ ሁሉንም ፎቶ በዚያው ልክ ግፉ። ባትሪው ለረጅም ጊዜ ወጥቶ ቀኑ ወደ ፋብሪካው መነሻ የተመለሰ ካሜራም የሚስተካከለው በዚሁ መንገድ ነው፣ ሰዓቱን እስክታነሱ ድረስ እንደገና ካልተነካ።

ስካን ያደረግኳቸው የድሮ ፎቶዎች ሁሉ የዛሬ ቀን ያሳያሉ። እንዴት ላስተካክል?

ስካነሩ የሚመዘግበው ስካን የተደረገበትን ቀን ነው። ፎቶው የተነሳበትን ቀን እናንተ መሙላት አለባችሁ። ኤክስኤምፒ ዓመት ብቻ፣ ወይም ዓመትና ወር ብቻ ይቀበላል፤ የኤግዚፍ ሳጥን ግን ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ሶፍትዌሮች የማይታወቀውን ቀን ጃንዋሪ 1 ብለው ይሞሉታል። መግለጫው ላይ «ቀኑ በግምት፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ» ብላችሁ ካልጻፋችሁ ከጊዜ በኋላ ያ ቀን እንደ እውነት ይወሰዳል።

የፎቶውን ጀርባም ስካን አድርጉ። በእስክሪብቶ የተጻፈ መታሰቢያ፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ አንዳንዴ ቀኑ ራሱ እዚያ ነው። ጀርባ ላይ ያለውን ቃል በቃል ገልብጡ፣ ስህተት ቢኖርበት እንኳ ሳታርሙ፣ «ከጀርባው የተጻፈ፦» ብላችሁ በትምህርተ ጥቅስ አስገቡት። የእናንተ ማብራሪያ ከሱ ቀጥሎ ይምጣ። ፎቶው ላይ የሚታዩ ነገሮችም ይመሰክራሉ፤ ከፒያሳ በተነሳ ፎቶ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሕንፃ ተሠርቶ ከታየ ፎቶው የቅርብ ጊዜ ነው፣ መታሰቢያው የተከፈተው በ2016 ዓ.ም. ነውና።

ከአንድ ሰርግ ብቻ ብዙ መቶ ፎቶ አለኝ። አንድ በአንድ ልጻፍ?

አይ። መጀመሪያ የተደጋገሙትንና ዓይን የተጨፈነባቸውን ሰርዙ፤ ይህ ብቻ ሥራውን በግማሽ ሊያቀለው ይችላል። ቀጥሎ ሁሉንም መርጣችሁ የጋራ የሆነውን በአንድ ጊዜ ሙሉ፦ ቀን፣ ከተማ፣ የሙሽሮቹ ስም፣ የፎቶ አንሺው ስም። ከዚያ በቡድን በቡድን፦ ሽምግልናው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም ኒካው፣ አዳራሹ፣ መልሱ። አንድ በአንድ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ፣ ሰው በስም ለሚጠራባቸው ፎቶዎች ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ብዙ ፎቶ ተመርጦ ሳለ መግለጫ ስትጽፉ ቀድሞ የነበረው ይደመሰሳል። ከአጠቃላይ ወደ ዝርዝር እንጂ ተቃራኒውን አትሂዱ።

ሶፍትዌሩ ፊት ለይቶ ስም እንዲሰጥ ማድረግ አይቻልም?

ይቻላል፤ ዲጂካም በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ፣ ፎቶውን ወደ ውጭ ሳይልክ ፊት ይለያል። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ከበድ ያለ ፋይል ከኢንተርኔት ማውረድ ይጠይቃል። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ስሞች የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፣ ወንድማማቾችን ያምታታል፣ ነጠላ የሸፈነችውን ወይም ወደ ጎን የዞረውን ይስታል። እንደ ረዳት ተጠቀሙበት፤ ያቀረበውን ሳታዩ አታጽድቁ።

ጽፌ ጨርሼ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ስሰጥ መግለጫው የለም። የት ሄደ?

የትም አልሄደም፤ ፎቶው ውስጥ አልተጻፈም እንጂ። ላይትሩም ክላሲክ የምትጽፉትን በመጀመሪያ የሚያስቀምጠው በራሱ ካታሎግ ውስጥ ነው። ፎቶዎቹን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤስን ስትጫኑ፣ ወይም ሜታዳታን በራሱ ወደ ፋይሉ እንዲጽፍ ቅንብሩ ላይ ስታዙት ነው ወደ ፎቶው የሚገባው። ዲጂካምም የራሱ የመረጃ ቋት አለው፤ ቅንብሩ ውስጥ ሜታዳታ የሚለው ክፍል ገብታችሁ መግለጫ፣ ታግና ቀን ወደ ፋይሉ እንዲጻፉ ምልክት ማድረጋችሁን አረጋግጡ። ይህንን ሥራ ሳትጀምሩ አድርጉት።

ራው ፎቶ፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብር ያስቀመጠው ጥሬ ፋይል፣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ሶፍትዌሮች ራው ፋይልን ስለማይነኩ ጽሑፉን ከጎኑ፣ ተመሳሳይ ስም ባለው ትንሽ የኤክስኤምፒ ፋይል ላይ ይጽፉታል። ዳርክቴብል የሚባለው የፎቶ ማረሚያ ለጄፔግም ቢሆን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ፎቶውን ስትገለብጡ ይህንንም አብራችሁ ገልብጡ። «ይህች ትንሽ ፋይል ምንድን ናት» ብሎ የሰረዘ ሰው መግለጫውን ሰረዘ ማለት ነው።

አማርኛው በሌላ ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ሆነ፣ ወይም መሃል ላይ ተቆረጠ። ለምን?

ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ስላሉ በየተራ እንያቸው። የመጀመሪያው አጻጻፉ ነው። ድሮ በጽሕፈት ሥራ በተለመዱት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ በሁሉም ኮምፒውተር አንድ የሆነ ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው የላቲን ፊደላትን ነው፣ ግዕዝ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ሜታዳታ ፎንት ስለማይይዝ ያ ጽሑፍ እዚያ ሲገባ ዝብርቅርቁ ይወጣል። ከቆየ ሰነድ ላይ ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ ወይም በዩኒኮድ እንደገና ጻፉት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ ከዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድም ሆነ ኪይማን ከሚባለው የኪቦርድ ሶፍትዌር የሚወጣው ሁሉ ዩኒኮድ ነው።

ሁለተኛው አሮጌው አይፒቲሲ ነው። ከኤክስኤምፒ በፊት የነበረው የአይፒቲሲ አቀማመጥ ጽሑፉ በምን ኮድ እንደተጻፈ የሚናገር ምልክት ካልተደረገበት ከፋች ሶፍትዌሩ ላቲን ነው ብሎ ይገምታል። ጽሑፉ ግን አልጠፋም። ኤክስኤምፒው ውስጥ ደህናው ቅጂ መኖሩን ዲጂካም ላይ ተመልከቱ፤ ካለ ከዚያ ማስመለስ ይቻላል።

ሦስተኛው ማንም የማይጠረጥረው ነው። ያ አሮጌ አቀማመጥ ለእያንዳንዱ ሳጥን የርዝመት ገደብ አለው፣ ገደቡም የሚቆጠረው በባይት ነው፦ ለቁልፍ ቃል 64፣ ለከተማ፣ ለአካባቢና ለፎቶ አንሺ ስም 32፣ ለመግለጫ 2000። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይወስዳል። ስለዚህ 32 የሚባለው ለእኛ 10 ፊደል ነው። «ሚያዝያ 27 አደባባይ» 31 ባይት ስለሆነ ለጥቂት ያልፋል። «ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል» ግን «ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴ» ላይ ሊቆም ይችላል። ስም ከነአባት ከነአያት ሲጻፍማ አብዛኛው አይገባም። መፍትሔው በኤክስኤምፒ መተማመን ነው፤ እዚያ ይህ ገደብ የለም። የምትልኩለት ድርጅት አሮጌ ሥርዓት የሚጠቀም ከሆነ ረጅሙን ስም ሁልጊዜ መግለጫው ውስጥም ድገሙት፤ 2000 ባይት ከ660 በላይ የግዕዝ ፊደል ይይዛል፣ ይበቃል።

ፎቶው በቴሌግራም ሲላክ ጽሑፉ ይጠፋል። መፍትሔ አለው?

አለው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፣ ሜታዳታውንም ያወጣዋል። እንደ ፋይል ስትልኩት ግን እንዳለ ይደርሳል። ፌስቡክ ላይ የተጫነ ፎቶም አብዛኛውን ሜታዳታ ያጣል፤ ስለዚህ ከፌስቡክ ወይም ከቴሌግራም ቻናል መልሳችሁ ያወረዳችሁትን ፎቶ እንደ ዋናው አትቁጠሩት። ዋናው ሃርድ ዲስካችሁ ላይ ያለው ነው።

የሰዎች ስምና የጂፒኤስ ነጥብ ያለበት ፎቶ ለሌላ ሰው ብሰጥ ችግር የለውም?

ሊኖረው ይችላል። እንደ ፋይል የተላከ የልጆች ፎቶ ቤታችሁ የት እንደሆነ አብሮ ሊናገር ይችላል። ለራሳችሁ ሁሉን የያዘ ቅጂ አስቀምጡ፣ ለውጭ የምትሰጡትን ግን በተለየ ፎልደር ኤክስፖርት አድርጋችሁ ጂፒኤሱን አውጡለት፤ ላይትሩም ኤክስፖርት ሲያደርግ የቦታ መረጃን የማስቀረት ምርጫ አለው። የሕመም፣ የችሎት ወይም የልቅሶ ፎቶ ላይ ሙሉ ስም ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ሁለቴ አስቡ። ለመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚመለከታችሁ ዕወቁና የሕግ ክፍላችሁን አማክሩ።

የኮፒራይት ሳጥኑ ላይ የማንን ስም ልጻፍ?

ያነሳውን ሰው፣ ወይም መብቱ በውል የተላለፈለትን። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የሚገኘው ሥራው ሲፈጠር ነው፣ ምዝገባ አይጠይቅም፤ ሜታዳታው ላይ ስም መኖሩ ግን ባለቤቱን ለማግኘት ይረዳል። የአያታችሁን የስቱዲዮ ፎቶ ስካን ስላደረጋችሁ ፎቶ አንሺው እናንተ አትሆኑም። ከጀርባው ያለውን የፎቶ ቤት ስም በፎቶ አንሺው ሳጥን፣ የእናንተን ስም «ስካን ያደረገው» ብላችሁ መግለጫው ላይ ጻፉ።

መግለጫዎቹ ኤክሴል ላይ ተጽፈው አሉ። እንደገና ሳልጽፍ ወደ ፎቶዎቹ ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል፣ በኤግዚፍቱል። ነጻ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን መስኮትና አዝራር የለውም፤ በትዕዛዝ ነው የሚሠራው። ሠንጠረዡ ላይ የመጀመሪያው አምድ የፋይሉ ስም ከነመንገዱ፣ ቀጣዮቹ አምዶች የየሳጥኖቹ ስም ይሆናሉ። ከኤክሴል ሴቭ ስታደርጉ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን የሲኤስቪ ዓይነት ምረጡ፤ ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይገባል። የፎቶዎቹ የፋይል ስም በአማርኛ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ተጨማሪ ቅንብር ስለሚጠይቅ ለዚህ ሥራ ስሞቹን በቁጥር ማድረግ ይቀላል።

መጀመሪያ በሁለት ሦስት ፎቶ ሞክሩና በዲጂካም ከፍታችሁ እዩ። ኤግዚፍቱል ካልከለከላችሁት የእያንዳንዱን ፎቶ የቀድሞ ቅጂ ከጎኑ ያስቀምጣል፤ ውጤቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ቅጂዎቹን ሰርዙ፣ አለበለዚያ ዲስኩ በእጥፍ ይሞላል።